የሰፊው ሕዝብ ገንቦ

ፍኖተ ሰላም
መስከረም 8 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለምወድህ ለቢሆነኝ፣

ስንዱ አራተኛ ጥርሷን አብቅላለች፤ ጤና ነች። ይህን የምጽፍልህ የሆነውን ሁሉ እናትህ ሳይቀድሙኝ ከእኔ እንድትሰማው ነው።

ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአውራጃው አዳራሽ የሸክላና የፖርሴሊን ኤግዚቢሽን ተከፍቷል። እሑድ ከእናትህ ጋር ሄድን፤ ስንዱን እሳቸው አቅፈዋት ነበር። በአንዱ ወገን አንተ ካለህበት ከጀርመን የመጡ ሲኒዎች በመስታወት ውስጥ ተደርድረዋል። ከስስነታቸው የተነሳ መብራቱ ዘልቋቸው ይታያል። በእያንዳንዱ ሥር የሠሪው ስም የተጻፈበት ካርድ አለ።

እናትህ፣ «እንዲህ ያለውንስ የሰው እጅ አይሠራውም!» አሉ።

በሌላው ወገን፣ መሬት ላይ፣ የአገራችን ሸክላ ነበር። አንዱን ገንቦ ገና ከሩቅ አወቅሁት። እጀታው ሥር እንደዚያ አውራ ጣቷን የምትጫን እናቴ ብቻ ናት። ካርዱ ግን «ሠሪ፦ ሰፊው ሕዝብ» ይላል። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ሰረዝኩትና «ሀብትነሽ ገደፋው፣ ቡሬ» ብዬ ጻፍኩ።

የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ ጓድ ባዬ እየሮጠ መጣ።

«አንቺ! አስተማሪ ሆነሽ ሰፊውን ሕዝብ ትሰርዣለሽ?»

«ጀርመኖቹስ ሰፊ ሕዝብ የላቸውም? የእነሱ ስም ለምን ተጻፈ?»

ከኋላችን አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። የባዬ ፊት ጠቆረ። «ሀብትነሽ ደግሞ ማናት?»

«እናቴ።»

እናትህ ዞር አሉ። «እናትሽ ሞታለች አይደል እንዴ?»

«የገደላት ልጅዎ ነው፣ እማማ። ለሠርጉ እንዲመቸው።»

«ሸክላ ሠሪ መሆኗን ከሰሙ ቡዳ ይሉሻል፤ ለጊዜው ሞታለች እንበል፣ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ» ያልከኝ አንተ ነህ። ሳትነግራቸው አውሮፕላን ተሳፈርክ። ከሠርጋችን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ በሕይወት ያለች እናቴን ነፍስ ይማር ሲሉልኝ አሜን ስል ኖርኩ።

እናትህ ስንዱን እንደሚፋጅ ድስት አስረከቡኝና እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። የገዛ የልጅ ልጃቸውን፣ ቢሆነኝ!

ባዬ ስለ ካርዱ ጠርቶኛል፤ ነገ እሱ ዘንድ እቀርባለሁ። ካርዱን እንደነበረው መልሺ ቢለኝ አልመልስም። ካላሰረኝ ቅዳሜ ስንዱን ይዤ ቡሬ እሄዳለሁ፤ እናቴ እስካሁን አላየቻትም።

መልስ ካለህ ወደ እናትህ ቤት አትላክ። ፖስታው ላይ በገዛ እጅህ «በወይዘሮ ሀብትነሽ ገደፋው በኩል» ብለህ ጻፍ። ይህ ካቃተህ ሌላውንም አትጻፍልኝ።

የቡሬ ፖስታ ማክሰኞና ዓርብ እንደሚገባ ጠይቄ አውቄያለሁ።

ብርዱ ይራራልህ፤ አምላክ በሰው አገር ብቻህን አይተውህ።

የሀብትነሽ ልጅ
ያይኔአበባ