ከእንጦጦ ያወረደችህ ሴት

ዮናስ ልጄ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ከስድስት ቀን ሆነ። «ዓመት አለፈው» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ልቅ አነጋገር በደብተርህ ላይ አንድ ቀን እንኳ አላሳለፍኩልህም፤ አሁን ለራሴ ባሳልፍ ትስቅብኝ ነበር።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ዘንድሮ ክረምት የቀበና ወንዝ ሞልቶ የጓሮውን አጥር አንዱን ጥግ ይዞት ሄደ። አባትህ የሠራው የእንጨት መሥሪያ ክፍል ግን አልተነቃነቀም፤ በሩ ዛሬም ሲጢጥ ሳይል ይዘጋል። እናከራየው የነበረው ቤት ለቀበሌ መግባቱን ታውቃለህ። አሁን አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ከነቤተሰቡ ይኖርበታል። ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት፤ የዘፈንህን ሸክላ ሳጫውት በመስኮት እየሰሙ ዜማውን ቀድተውታል። ስዊድንኛውን ስለማያውቁ የራሳቸውን ቃል ያስገቡበታል። ትናንት ስለ ስኳር ሰልፍ ነበር የሚዘፍኑት። አልተቆጣሁም፤ ቤት ይመታ ነበር። እኔም ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት አልወድም ይላል እንጂ ሌላው ሁሉ ይሠራል።

ስለ አንተ የሚጠይቀኝ ሰው አሁንም አለ። ልጅሽ ስዊድን አገር ሥራው ምን ነበር ይሉኛል። ድሮ «ሙዚቀኛ ነው» ብዬ ወሬውን ቶሎ እቀይር ነበር። አሁን ወንበር አቅርቤ ከመጀመሪያው እነግራቸዋለሁ።

አባትህ የእንጨት ሥራ ለማስተማር የገባው ውል አልቆ ወደ አገሩ ወደ ስዊድን ሲመለስ፣ አንተን በአሥራ አራት ዓመትህ ይዞህ እንደ ሄደ እነግራቸዋለሁ። እኔ አልጋ ላይ የቀረችውን እናቴን ትቼ መሄድ አልቻልኩም። ለአንድ ዓመት ብለን ተለያየን፤ ያ አንድ ዓመት ዕድሜዬን ወሰደ። መሐንዲስ ይሆናል ብዬ ነበር የላክሁህ። አንተ በመርከብ መሥሪያ ብረት ስትበይድ ውለህ፣ ከሥራ ስትወጣ ከሦስት ጓደኞችህ ጋር በአንድ የጀልባ መጋዘን ውስጥ ጊታር ትመታ ነበር። የመጀመሪያዋን ጊታር ከአባትህ ጋር ራሳችሁ መሥራታችሁን ስትጽፍልኝ፣ ጊታሩን ሳይሆን የሁለታችሁን እጅ አሰብኩና ይቅር አልኩህ።

የመጀመሪያው ሸክላህ በፖስታ ሲደርሰኝ ማጫወቻ አልነበረኝም። መገናኛ አጠገብ ወደነበረ ራዲዮ ጠጋኝ ይዤው ሄድኩ። ሰውዬው ሸክላው የተበላሸ መስሎት መርፌውን ሁለት ጊዜ አነሳ። ሮክ የሚባለውን ነገር እሱም እኔም በቅርብ ሰምተነው አናውቅም። በሦስተኛው ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ድምፅህን ለየሁት። በእንግሊዝኛ ነበር የምትዘፍነው። ቤቴ ተመልሼ፣ ማንም ተቆጥቶህ በማያውቅ ቋንቋ ለምን ትዘፍናለህ ብዬ ጻፍኩልህ። ስድስት ወር ዝም አልከኝ። ከዚያ ሁለተኛው ሸክላ መጣ፤ ከዳር እስከ ዳር በስዊድንኛ ነበር። አገሩ ያወቀህም በዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ዘፈኖችህን ሳትቀዳቸው በፊት በወረቀት ትልክልኝ ጀመር። እኔ ስዊድንኛን የተማርኩት ለአንድ ስሕተት ገጹን በሙሉ ያስገለብጡን ከነበሩ የሚስዮን መምህራን ነው፤ ሌላ የማረም ዘዴ አላውቅም። በቀይ ብዕር አርሜ እመልስልህ ነበር። ፖስታው ተከፍቶ፣ እንደገና ተለጥፎ ነበር የሚመጣውም የሚሄደውም። መርማሪዎቹ ያን ሁሉ ቀይ ሲያዩ ምን እንዳሉ እንጃ። የማርመው ቃሉን አልነበረም። ያላየኸውን እንዳትጽፍ ነበር። አንድ ጊዜ «እናቴ መስኮት ላይ ቆማ ታለቅሳለች» ብለህ ብትልክልኝ፣ መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤትን ማድቤት ነው፣ ቆሜበትም አላውቅም ብዬ ሰረዝኩት። አንተም «የእናቴ መስኮት የጎረቤት ማድቤት ያያል» ብለህ ለወጥከው። ከበሮ መቺህ ስቬን በኋላ እንደ ጻፈልኝ፣ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ አንተ ዝም ስትል ያቺን መስመር ተቀብሎ ይዘፍናት ነበር። ቀበናን አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ስለ ማድቤቱ ይዘፍናል። ይህን ለጎረቤቴ ስነግራት ማድቤቷን ኖራ ቀባች።

የመጣኸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በአብዮቱ ጊዜ፣ ለሦስት ሳምንት። በማስተምርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ልትዘፍን አሰብክ። ግጥሞቹ ተተርጉመው ይቅረቡ ተባልን፤ ተረጎምኳቸው። ፈቃድ ሰጪው ሹም «የመርከብ ፉጨት ሰለቸኝ» የሚለውን ደጋግሞ አንብቦ ምን ለማለት ነው አለኝ። የመርከብ ፉጨት ሰልችቶት ነው አልኩት። ፈቃዱ የደረሰኝ አንተ ከተመለስክ በዘጠነኛው ቀን ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ የዘፈንከው በጓሮአችን ብቻ ነው፤ አጥሩ ላይ ለተንጠላጠሉ ጎረቤቶችና በመሠረተ ትምህርት ለማስተምራቸው ሴቶች። ከእነሱ አንዷ በዘፈኑ መሀል «እትዬ፣ ልጅዎ ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አንተ ሰምተህ ሳቅህ ዘፈኑን አቋረጠው። ያቺን ሴት ልብ በላት፤ ስለ እሷ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ።

ከሦስት ወር በፊት ስቬን ደብዳቤ ላከልኝ። ሕመሙ ሳይጥልህ የቀዳኸው የመጨረሻ ሸክላ ሊወጣ ነው። ከዘፈኖቹ አንዱ ግን በእጄ አላለፈም። ወረቀቱን በጊታርህ ሣጥን ውስጥ አገኙት፤ ራስጌው ላይ «ለእናቴ የሚላክ» ብለህበታል። ስቬን ግልባጩን ልኮ፣ እርስዎ ያላዩትን አናወጣም፣ የሚታረም ካለ ድምፁን ቆርጠን እናወጣለን አለኝ። ለሽፋኑም ፎቶግራፍ ጠየቀኝ። እንጨት ተሸክሜ የተነሣሁት ካለ እንድልክለት።

እንጨት ተሸክሜ! ትምህርት ቤት ያረጀሁ ሴት ነኝ። ተቆጥቼ ወረቀቱን ገለጥኩት። የጻፍከው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው።

እናቴ የእንጨት ሸክሟን ከመንገድ ጣለች፣
በሸክሟ ፈንታ እኔን አዘለች፣
አንገቷ ላይ ገመዱ ያሰመረውን አየሁ፣
ጀርባዋ ባህር ዛፍ ይሸታል፣ ተኛሁ።

ቀዩን ብዕር አነሳሁ። ከዚያ አንድም ጭረት ሳላደርግ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀመጥኩ።

ልጄ፣ ያቺ ሴት እኔ አይደለሁም። አምስት ዓመትህ ነበር። ወደ እንጦጦ ይዤህ ስወጣ፣ በራስህ እግር ወጥተህ በራስህ እግር ትወርዳለህ ብዬህ ነበር። ስንመለስ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ አልነሣም አልክ። እኔ እንደተማርኩት አደረግሁ። ትቼህ ሄድኩ። ኩርባውን ዞሬ ቆምኩ፤ አልቅሶ ይከተለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አለቀስክ፤ አልተከተልከኝም። እኔም እልህ ይዞኝ አልተመለስኩም። ትንሽ ቆይቶ ለቅሶው ጸጥ አለ። ደንግጬ ልሮጥ ስል አንዲት እንጨት ለቃሚ አንተን አዝላ ከኩርባው ብቅ አለች። ሸክሟን አንተ የተቀመጥክበት ድንጋይ ሥር ጥላዋለች። አየችኝና «የሚጣል ልጅ የማን ነው?» አለች። የኔ ነው አላልኳትም። ልቀበላት እጄን ብዘረጋ፣ ተኝቷል ብላ አለፈችኝ። እስከ ቀበና ድልድይ ከኋላዋ ሄድኩ። እዚያ አስረከበችኝ፤ ሸክሟን ፍለጋ ያን ዳገት መልሳ ወጣች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎቼን ስመዘግብ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አገኘኋት። አስካለ ትባላለች። እሷ አላወቀችኝም፤ እኔ ዝም አልኩ። ፊደል አስቆጠርኋት፣ አስጻፍኋት፣ ገጽ አስገለበጥኋት። አንተ መጥተህ ጓሮ ስትዘፍን አጥሩ ላይ ሆና ስለ ጉንፋንህ የጠየቀችኝ እሷ ነበረች። ሁለታችሁም ስትሳሳቁ መካከላችሁ ቆሜ፣ ያኔም ዝም አልኩ።

እንግዲህ ወረቀቱ ፊቴ ነው። ዝም ካልኩ አገር ሙሉ ሰው የሌላ ሴት ምስጋና ለእኔ ይዘፍናል። ካረምኩት ያንተን የመጨረሻ ድምፅ በመቀስ ይነኩታል። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ አንተን ትቼህ የሄድኩ እናት መሆኔ ሊወጣ ነው። የኋለኛው ነበር የከበደኝ፤ ደብቄህ አላውቅም ማለት አልችልምና እዚሁ እጽፈዋለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ አስካለ ወጣሁ። እንጨት መሸከሙን ትታ እንጦጦ ጥግ ባለው የችግኝ ጣቢያ ውኃ ታጠጣለች። ሦስት ጊዜ አርፌ ደረስኩ። የችግኝ አፈር በፌስታል እየሞላች ነበር፤ ምን አመጣዎት ብላ ደነገጠች። ቆሜ ነገርኳት፤ ሁሉንም፣ በቅደም ተከተል።

«ልጁን አላስታውሰውም» አለችኝ። «እንጨቱን ነው የማስታውሰው። ደረቅ፣ ጥሩ ሸክም ነበር። ስመለስ የለም።»

ይህን ብላ እጇን እያራገፈች አየችኝ።

«ያቺ ኩርባ ላይ የቆሙት ሴትዮ እርስዎ ኖረዋል?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ሀ ሁ ሲያስቆጥሩኝ አንድ ቀን አልነገሩኝም።»

«አፍሬ ነው።»

«እርስዎም ያፍራሉ?» አለችና ሳቀች። ተማሪዎቼ በእኔ ላይ ሲስቁ አልወድም። በዚያ ቀን ግን ሳቋ እስኪያልቅ ጠበቅሁ።

ከዚያ ዘፈንህን እያንዳንዱን መስመር ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። አንገቷ ላይ ስላለው የገመድ መስመር ስደርስ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ምልክቱ ዛሬም አልጠፋም።

«ይቺን አይቷል?» አለችኝ።

«አይቷል።»

ፌስታሉን ሞልታ ጨረሰች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያ ጉንፋናም ልጅ» አለች፤ ፊቷንም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ዮናስ፣ የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከልጅነትህ ጀምሮ ያላየኸውን አትጻፍ እልህ ነበር። በዚህች ወረቀት ላይ ያየኸው በሙሉ ልክ ነው። ሸክሙ ልክ ነው፣ ገመዱ ልክ ነው፣ ሽታው ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል፤ እሱም የሴትዮዋ ስም ነው። ስሟን ያልነገርኩህ እኔ ነኝ። በአምስት ዓመት ዓይን አይተህ፣ ሕመምህን ታግሠህ፣ ያን ቀን አንድ ነገር ሳታዛንፍ አስቀምጠኸዋል። ብዙ ተማሪ አስተምሬአለሁ። እንዲህ የጻፈልኝ የለም።

አስካለን ስምሽ በሸክላው ሽፋን ላይ ይውጣ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አሰበችበት። የአባቴንም ይጨምሩበት፣ አስካለ ብዙ ናት አለችኝ። እስክሪብቶ ሰጠኋትና በራሷ እጅ «አስካለ ደገፉ» ብላ ጻፈች። «ለ»ዋ ተንጋደደች፤ ድገሚው አልኳት።

«ዛሬም?» አለችኝ።

«ዛሬም። አገር የሚያየው ነው።»

ሦስት ጊዜ ጻፈችው። ሦስተኛው የሚያኮራ ሆነ።

ለስቬን የምልከው መልስ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከድምፁ አንድ ትንፋሽ እንዳይቆረጥ ብያለሁ። ከዘፈኑ ሥር የአስካለ ስም በእጅ ጽሑፏ እንዲታተም፣ ከእሱም በታች «አዝላ ያወረደችው እሷ ናት፤ የወለደችው እናቱ ከኋላ ትከተል ነበር» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቄአለሁ። ስለ ፎቶግራፉም፣ ለሽፋኑ የሚሆን ሰው አለ፣ ግን ቅዳሜ ነጠላዋን አጥባ ልትነሣ ትፈልጋለችና ይጠብቁ ብያለሁ።

ልጄ፣ ሰው የሞተበትን እንደሚመቸው አድርጎ ያስታውሳል። እኔ እንዲያ አላደርግብህም። ያን መንገድ በሕይወት እስካለሁ ድረስ እንደነበረው እይዘዋለሁ፦ አንተ ከፊት፣ በአስካለ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወስዶህ፤ እኔ ከኋላ፣ ከእግርህ የወለቀውን አንድ ጫማህን በእጄ ይዤ።

እናትህ
የሺወርቅ