«አላውቃትም» ብዬ ስለፈረምኩባት ተማሪ ለኮሌጃችን ዲን

ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን
ከሚሴ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦች ሁሉ ሙሉ ጤንነት፣ ጥሩ እንቅልፍና የተረጋጋ ልብ እመኛለሁ። እንቅልፉና የልብ መረጋጋቱ ከእኔ ከራቁ ሦስት ሳምንት ስለሆናቸው፣ ዋጋቸውን በደንብ ዐውቄ ነው የምመኝልዎ።

ስሜ ሰዓዲያ ቶፊቅ ነው። በኮሌጅዎ የአመራር ትምህርት አስተምራለሁ፤ ወይም በተማሪዬ ላይ እስከፈረምኩበት ቀን ድረስ አስተምር ነበር። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍልዎ ደፋር ስለሆንኩ እንዳይመስልዎ። ፈሪ ነኝ። በሩ በተዘጋ ቢሮ ውስጥ ከእርስዎ ጋር ብቻዬን ከምቀመጥ ይልቅ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ብናገር ይሻለኛል ብዬ ነው። ላመሰግንዎ የሚገባኝ ነገር ብዙ በመሆኑ በቁጥር ላስቀምጠው ይፈቀድልኝ።

፩. በቅድሚያ ስለጣሉብኝ እምነት አመሰግናለሁ። በመስከረም ወር የመምህራን ስብሰባ ላይ «ከእንግዲህ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻችን ከታሪክ፣ ከሥነ ጽሑፍ፣ ከሎጂክና ከሥነ ምግባር ጋር አመራርንም ይማራሉ፤ ሙያተኛ ብቻ ሳይሆን የሚያስብ ሰው ማውጣት አለብን» ብለው ኮርሱን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ቃልዎን እንዳለ አምኜ በመቀበሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቹን «መሪ ማን ነው?» ብዬ ወረቀት ላይ አስጻፍኳቸው። ሊቀመንበር፣ አስተዳዳሪ፣ ኃላፊ እያሉ የወንበር ስም ደረደሩ። እርስዎንም የጻፉ ነበሩ። ኡሚ የምትባል፣ ከጨፋ ሮቢት ወዲያ የሚኖር ገበሬ ልጅ፣ ወረቀቷን ባዶ መለሰች። «ምነው?» ስላት፣ «ቲቸር፣ የሚያዘውን ነው ወይስ ሰው የሚከተለውን ነው የጠየቁን? አልገባኝም» አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ ላስተምር ያሰብኩትን እሷ በአንድ ጥያቄ ስለጨረሰችው፣ እኔም ጥያቄዋን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ትምህርቱን ከዚያ ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ የድሮ ታሪክም አነበብን፣ ግጥምም አነበብን፣ አንድ ክርክር የት ላይ እንደሚሰነጠቅ በሎጂክ ፈተሽን። አንድ ቀን በግጦሽ የተጣሉትን የሚያስታርቁትን የሴት ሽማግሌ፣ እመት መሪየምን፣ ክፍል ውስጥ አምጥቼ ነበር። «ጯሂውንማ አገር ሰምቶታል፤ ሽማግሌ ጆሮውን የሚሰጠው ቀስ ብሎ ለሚናገረው ነው» አሏቸው። ኡሚ ይህን ደብተሯ ላይ ስትጽፍ አይቻለሁ። ደብተሩ ዛሬ እርስዎ ዘንድ ስለሚገኝ ማረጋገጥ ይችላሉ።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ለኅዳር አሥራ ስምንቱ ስብሰባ ነው። ከበላይ አካል የመጡት እንግዳ ስለ አመራር ሁለት ሰዓት ተኩል ተናገሩ፤ «መሪ ማለት መልስ የሚሰጥ ነው» ያሉትን አምስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። በመጨረሻ «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ አዳራሹ እንደ ልማዱ ዝም አለ። እኔም ዝምታውን ለምጄው ቦርሳዬን እያነሣሁ ሳለ ኡሚ ተነሣች። ክፍል ውስጥ እንኳ እጇን የማታወጣ ልጅ ነበረች።

«እናመሰግናለን» አለች። «የግቢያችን ክሊኒክ ከመስከረም ጀምሮ ዝግ ነው። ባለፈው ጁምዓ ረቢአ የምትባል የዶርማችን ልጅ ሆዷን ይዛ ወደቀች። የባጃጅ ሹፌሮቹ ሁሉ ሶላት ላይ ስለነበሩ በፍራሽ ተሸክመን እስከ አስፋልቱ ወሰድናት። ሐኪሙ፣ ትርፍ አንጀቷ ሊፈነዳ ነበር፣ ትንሽ ብትዘገዩ አታገኟትም ነበር አለን። ነገ ሌላዋ ብትታመም መልስ የሚሰጠን ማን ነው?»

እንግዳው ፈገግ ብለው «ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ። ከዚያ ብዕራቸውን አወጡ። «ስምሽን ማን ልበል?»

«ኡሚ ሙጂብ።»

«የማን ተማሪ ነሽ?»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዞር ብትል ታየኛለች። ዞር አላለችም። «የኮሌጁ» አለች። የተከበሩ ዲን፣ ያቺ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከለላ ስትሆነኝ፣ የአመራር መምህርቷ ምን ታደርግ ነበር ቢሉ፣ አንገቷን ደፍታ ቦርሳዋ ውስጥ የሌለ ነገር ትፈልግ ነበር።

፫. በማግሥቱ እኔን ከመጥራትዎ በፊት ኡሚን ሦስት ሰዓት ሙሉ በቢሮዎ ስላስተናገዷትና ደብተሯንም ስለተረከቧት አመሰግናለሁ። በኮሪደሩ ስንተላለፍ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ አላናገረችኝም። እኔን ግን በክብር ተቀበሉኝ። ሻይ አዘዙልኝ፤ ስኳር ስንት እንደምፈልግ ጠየቁኝ፤ ሁለት አልኩ። ከበሩ አጠገብ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ እነሱን ግን አላስተዋወቁኝም።

«ይህን ጥያቄ ያስጠናቻት ማን ናት?» ብለው እርስዎ ጠየቁኝ።

«አላውቅም።»

«ልጅቷንስ?»

«አላውቃትም» አልኩ። «ከመቶ ሃያ ተማሪ አንዷ ናት።»

ከዚያ ጸሐፊዎ አቶ ደረጀ አስቀድሞ የተተየበ ወረቀት አቀረበልኝ። ተማሪዋ የተናገረችው ከትምህርቱ ጋር በማይገናኝ ሁኔታ፣ በውጭ ሰዎች ግፊት መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል። አንብቤዋለሁ። ሳላነብ ነው የፈረምኩት ማለት ብችል ደስ ባለኝ ነበር። ፊርማዬ ተጣምሞ የእኔ ባይመስልም የእኔ ነው። አቶ ደረጀ ወረቀቱን ሲቀበለኝ ቀና ብሎ አላየኝም፤ እሱም የፈራ መሰለኝ። ሻዩን ጠጥቼ ጨርሼ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ኡሚ «በመምህርቷ ምስክርነት መሠረት» ጉዳይዋ በዲሲፕሊን ኮሚቴ እስኪታይ ከግቢ መታገዷን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አነበብኩ።

፬. ፍርሃት እንዲህ የተሟላ ትምህርት መሆኑን ስላሳዩኝ ደግሞ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። የክፍል ፎቶዎቼን በሙሉ አጥፍቻለሁ፤ የእመት መሪየምን እንኳ። ሰፈራችን ያለው ባለ ሱቅ «አንድ ሰውዬ በስንት ሰዓት እንደምትወጪ ጠየቀኝ» ካለኝ ወዲህ በየቀኑ በተለያየ ሰዓት እወጣለሁ። የመምህራን ክበብ ገብቼ ስቀመጥ ባልደረቦቼ ብርጭቋቸውን ይዘው አንድ በአንድ ይነሣሉ። አልፈርድባቸውም፤ እነሱ በእኔ ቦታ፣ እኔም በእነሱ ቦታ ብንሆን ያው ነበር። እኅቴ ከባቲ ደውላ «ዝም በይ፣ ዝም ያለ ሰው አይታመምም» አለችኝ። ዝም ብዬ ነበር፤ ይኸው ታመምኩ።

፭. ኡሚ በታገደች በስምንተኛው ቀን ክሊኒኩ ተከፈተ፤ እንኳን ደስ ያለዎ። ነርስ ተመደበ፣ አልጋ ገባ፣ ሪባን ተቆረጠ። «አመራራችን የተማሪዎቹን ችግር ሳይነገረው ቀድሞ በመረዳት» ሲሉ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጆቼ መቼ እንደተነሡ ግን አላውቅም።

ወደ ስድስተኛው ከማለፌ በፊት፣ በዚያው ሳምንት ያለፈቃድ ከሥራ የቀረሁበትን አንድ ቀን ማስረዳት አለብኝ። በሚኒባስ ጨፋ ሮቢት ወርጄ፣ ከዚያ በእግሬ እነኡሚ ቤት ሄድኩ። አውድማ ላይ ማሽላ ይወቃ ነበር። ኡሚ ሻሿን አጥብቃ አስራ ከእናቷ ጋር በመንሽ ታበራያለች። አባቷ ኦቦ ሙጂብ «አካም ጂርታ?» ብለው ደኅንነቴን ጠይቀው፣ ጥላ ውስጥ ካስቀመጡኝ በኋላ ረጋ ብለው ጠየቁኝ።

«ልጄ ምን አጠፋች?»

«ጥያቄ ጠየቀች» አልኳቸው።

«የጠየቀችው ውሸት ነው?»

«የለም፣ እውነት ነው።»

«ታዲያ ውሸት የተናገረው ማን ነው፣ ልጄ?»

የተከበሩ ዲን፣ በቢሮዎ ከነበሩት ሁለት ሰዎች ይልቅ ያን ቀን እኒህን ሽማግሌ ፈራኋቸው። «እኔ ነኝ» አልኩ። ስለ ፊርማው ነገርኳቸው። ኡሚ መንሿን እንደያዘች ቆማ ሰማች።

«ፈርተሽ ነው?» አሉኝ አባቷ።

«ወላሂ ፈርቼ ነው።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አሉ። «ሌሎች አራት ልጆች አሉኝ። አትመለሺ ልላት ነበር። እሷ ግን እሄዳለሁ ትላለች።»

ኡሚ አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ውሃ በጣሳ አምጥታ ሰጠችኝና «ቲቸር፣ ደብተሬን ይመልሱልኝ ይሆን? ለፈተና የማጠናው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው» አለችኝ። የታገደ ሰው ፈተና እንደማይቀመጥ ሳልነግራት ውሃውን ጠጣሁ። ስመለስ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ ሲመጣ «ኮሚቴው ፊት ብቻዬን ነው የምቀርበው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ሳልሰጣት ተሳፈርኩ።

፮. እንግዲህ ስድስተኛውና የመጨረሻው፣ ምስጋና ሳይሆን ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልሴ ነው። በቢሮዎ የፈረምኩት ቃል ሐሰት ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ አንስቼዋለሁ። ኡሚ ሙጂብን ዐውቃታለሁ። ጥያቄውን ማንም አላስጠናትም፤ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ እንደሚችል ያስተማርኳት ግን እኔ ነኝ፣ የተማረችውም እርስዎ በፈቀዱት ኮርስ ነው። ጥፋት ከተባለ የክፍሉ ጥፋት ነውና መምህርቷ ቀድማ ትጠየቅ። ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው ሲሰበሰብ ከእሷ ጎን እቀመጣለሁ። ምናልባት ጉልበቴ ይከዳኝ ይሆናል፤ ቢከዳኝም የምቀመጠው ወንበር ላይ ስለሆነ ችግር የለውም።

ጊዜዎን ሰውተው ይህን የፈሪ ደብዳቤ ስላነበቡልኝ፣ ላላነበቡትም ሠራተኞችዎ ስለሚያስነብቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አላህ ዕድሜዎን ከጤና ጋር፣ ወንበርዎን ከሚጠይቅዎ ሰው ጋር ያርዝምልዎ።

ከጥልቅ አክብሮትና ከዚያ ከማያንስ ፍርሃት ጋር
ሰዓዲያ ቶፊቅ
የአመራር ትምህርት መምህርት

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው
ለኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለኦቦ ሙጂብ፣ ጨፋ ሮቢት

ማሳሰቢያ፦ ስፈራ ጉሮሮዬ ስለሚደርቅ፣ ሐሙስ በኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ አንድ ጠርሙስ ውሃ እንዲቀመጥልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። ካልተቻለ አይጨነቁ፣ የራሴን ይዤ እመጣለሁ፤ የምናገረው ረዘም ያለ ነው።