በስካይ ደሴት መንገድ ዳር

ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ እድላዊት፣

«ደህና ነሽ ወይ» ብዬ ልጀምር ነበር። ደህና አለመሆንሽን በዓይኔ አይቼ መጥቼ ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ይህን ደብዳቤ ወደ ቤት አልላኩትም። ፓሎ አልቶ ነርስ ሆና የምትሠራው ቤቴል ለስብሰባ ወደ ኤድንብራ ስለምትመጣ፣ ሥራ ቦታሽ ድረስ መጥታ በእጅሽ እንድትሰጥሽ ለምኛታለሁ። ቴክስት እንዳላደርግልሽ ስልክሽን ባልሽ፣ ልጄ ህዝቅያስ፣ ያየዋል። አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።

እዚህ ቸርች ሰዉ ሁሉ ስለ ስኮትላንድ ይጠይቀኛል። ህዝቅያስ የላከውን ፎቶ አይተው «ብርነሽ፣ እንዴት ያለ የተባረከ ልጅ ነው ያለሽ» ይሉኛል። ዓለት ላይ ስለተሠራው የኤድንብራ ግንብ አወራላቸዋለሁ። ስካይ ደሴቱስ ሲሉኝ ወሬውን ወደ ግንቡ እመልሰዋለሁ።

ያን ቀን ደሴቱ ላይ ወደ ፏፏቴው ስንሄድ ስልኩን ይዘሽ መንገድ የምታሳዪው አንቺ ነበርሽ። ኔትወርኩ ጠፋና መታጠፊያውን አለፍነው። ጥፋቱ በቃ ይኸው ነው። መኪናውን የሚነዳው ህዝቅያስ አልጮኸም። መንገዱ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ፣ በአንድ በኩል ገደል፣ ከሥሩ ባሕር። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ስለ በጎቹ አወራለሁ። አንቺ መኪናው ሞቆ ሳለ ጃኬትሽን ለበስሽ፤ ዚፑን እስከ አገጭሽ ሳብሽው። በርዷት ነው ብዬ አሰብኩ። ትንሽ እንደሄድን ዳር ይዞ አቆመና «ውረጂ» አለሽ። በሩን ከፍተሽ ወረድሽ።

ጥሎሽ ሲነዳ፣ ጠምዛዛውን ስናልፍ ይቆማል ብዬ ጠበቅኩ። አልቆመም። እንዲመልሰን ብለምነው ሙዚቃውን ከፍ አደረገው። በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን አየሁት። የማላውቀው ዓይን ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቀበቶዬን ፈትቼ በሩን ከፈትኩት፤ መኪናው በሩ ተከፍቷል ብሎ መጮህ ሲጀምር ፍሬን ያዘ። ወረድኩ። እኔንም ጥሎኝ ሄደ።

ዝናቡ ከጎን ነው የሚመታው። የበጎቹን አጥር ሽቦ እየያዝኩ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ገደሉ አፋፍ ላይ ብትሆኚስ እያልኩ። ስምሽን ብጠራ ነፋሱ ይወስደዋል። ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ አገኘሁሽ። አላለቀስሽም። ይባስ ብለሽ እኔን ታጽናኚኝ ጀመር።

«እማማ፣ አይጨነቁ፤ ይመለሳል። ሁሌም ይመለሳል።»

ሁሌም! ከዚያች ቃል ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ተመለሰም። ሦስት ሻይ በወረቀት ኩባያ ይዞ፣ እየሳቀ። «ማሚ፣ ጆክ እኮ ነው» አለኝ። ሻዩን ተቀብዬ ጠጣሁ፤ አንቺም ጠጣሽ። በማግስቱ ኤድንብራ ላይ ያን የድንጋይ ደረጃ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። የሱፍ ሻርፕ ገዝቶ አንገቴ ላይ ሲጠመጥምልኝ ጣቶቹ ቆዳዬን ነኩትና ደነገጥኩ። የወለድኩት ልጅ እጅ! በኋላ መታጠቢያ ቤት ብቻችንን ስንሆን ልጠይቅሽ አፌን ብከፍት፣ ቧንቧውን ለቀቅሽውና «ውጭ ቆሟል» አልሽኝ በሹክሹክታ።

ባለፈው እሁድ ኮል አደረገ። እኔ ከሄድኩ ወዲህ መለወጥሽን ነገረኝና ምን እንዳልኩሽ ጠየቀኝ። «ምንም» አልኩት። ድምፁ ረጋ ያለ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የቤቴን በር ሄጄ ቆለፍኩ፤ እሱ ከባሕር ማዶ ሆኖ።

ጃኬት ለምን ቀድሞ እንደሚለበስ የገባኝ አውሮፕላን ውስጥ ነው። የህዝቅያስ አባት በሕይወት ሳለ እኔ ጫማዬን ሳላወልቅ እተኛ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሌላውን አንቺው ታውቂዋለሽ።

እንግዲህ ስሚኝ። ፓስፖርትሽን ከቤት አውጥተሽ ሥራ ቦታ አስቀምጪው። ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ፤ የሚመችሽን ቀን ለቤቴል ብቻ ንገሪያት። ኦክላንድ እኔ ጋ አትመጪም፤ መጀመሪያ የሚፈልግሽ እዚህ ነው። አብራኝ የምትሠራው ዘቢባ ሳን ሆዜ ቤቷ ውስጥ ክፍል አዘጋጅታልሻለች። ህዝቅያስ አያውቃትም። ኤርፖርት የምትቀበልሽ እሷ ናት፤ እኔን ስታጪ እንዳይከፋሽ።

እሱም መምጣቱ አይቀርም። ሲያንኳኳ እከፍትለታለሁ፤ ልጄ ነው፣ እራት አቀርብለታለሁ። የት እንዳለሽ ይጠይቀኛል። አልነግረውም። ያኔ ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። አንቺ ግን ነይ።

ጌታ ከዚያ ቤት ደጃፍ ጀምሮ እጅሽን ይዞ ያምጣሽ። ለእሱም እጸልያለሁ፤ ይህን አትከልክዪኝ።

እናትሽ
ብርነሽ