ባትሪው ሳጥኔ ውስጥ ነው

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ ራምዚ፤ የሪያድ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የላክኸው ባለባትሪ የሰንሰለት መጋዝ ቡታጅራ በሰላም ገባ። አባባ፣ አርባ ዓመት በአናጢነት የሠራው ሰው፣ የሰንሰለቱን ጥርስ ወደ ኋላ አዙሮ ገጠመውና ባሕር ዛፉ ከመቆረጥ ይልቅ ጨሰ። በስልክ እንደነገርከኝ መጀመሪያ ባትሪውን አወጣሁ፤ ከዚያ ሰንሰለቱን አዞርኩ፣ ዘይቱንም ሞላሁ። አባባ ጓንትና መነጽር አድርጎ የአረፋውን እንጨት ቆርጦ ጨረሰ። አሥሩም ጣቶቹ ደህና ናቸው፤ እኔም እፎይ አልኩ።

ሲጨርስ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ "ጎሽ ራምዚ፣ አሳምረህ ገጠምከው" አለኝ።

"እሺ አባባ" አልኩት።

ባትሪውን፣ ለአባባ "እርጥበት እንዳይነካው ነው" ብዬ፣ ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ፤ ለአረፋ ድረስልንና ራስህ ተቀበለኝ።

አላህ በሰላም ያገናኘን።
እህትህ መሕቡባ