አራተኛው ደብተር ወልድያ ነው

መርሳ፣ ሰኞ

ውድ የኔታ ሲራክ፣

ዓይንዎ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘልዎ ጠብታ ተስማማዎት? ይህን የምጠይቀው ከልቤ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ግን የንዴት ነው። ፊት ለፊት ብንሆን አንድ ቃል እንደማይወጣኝ ያውቃሉ። ስለዚህ ልጅዎ ሊዲያ ይህን ስታነብልዎ እባክዎ መሐል ላይ አያስቁሟት።

ሦስት ወር ሙሉ ስለ አራተኛው ደብተር ስደውል «ገና ነው፣ አልታረመም» ብቻ ነው ያሉኝ። አሁንማ ስልኩም አይነሳም።

ትርጉሙን እንዴት እንደሠራነው ረሱት እንዴ? እኔ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት ስውል፣ እርስዎ ደግሞ ዓይንዎ ደክሞ መጻፍ ሲያቅትዎ ነው የጀመርነው። እርስዎ የቤተ ክርስቲያናችንን የድርሳን ብራና አፍንጫዎ ድረስ አስጠግተው ግዕዙን ያነባሉ፣ ወደ አማርኛ ይመልሱታል፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሳልጠይቅ የገባኝ ያልፋል፣ ያልገባኝ ይሰረዛል።

«የኀዘን ማዕበል ነፍስሽን አያስጥማት» አሉኝ አንድ ቀን።

«እንዲህ የሚል ሰው የለም፣ የኔታ።»

«ታዲያ ሰው ምን ይላል?»

«ኀዘን አይብላሽ።»

«አይ የመርሳ ልጅ! የአክሱሙ መምህር ቢሰማሽ በዱላ ነበር የሚልሽ» ብለው ሳቁ። ቀጥለው ግን «ጻፊው» አሉኝ። ያን ቀን ትምህርቴን ማቋረጤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቆጨኝም።

ያ የአክሱም መምህር ድርሳኑን ከጽርእ፣ ከግሪኮች ቋንቋ፣ ወደ ግዕዝ የመለሰው የዘመኑ ሰው እንዲሰማው ብሎ እንደሆነ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። እርሱም «አልታረመም» ብሎ ሣጥኑ ውስጥ ቢቆልፈው ኖሮ እኛ ጋ ይደርስ ነበር? ይህን በስልክ ልነግርዎ ስንት ቀን ተለማምጄ፣ ድምፅዎን ስሰማ ስለ ዝናቡ አወራሁልዎ።

አክስቴን አሰለፈችን ያውቋታል፤ መንገድ ዳር ፓፓያ የምትሸጠው፣ አብራን የምትኖረው። ልጇ ሮቤል በጦርነቱ ጊዜ እንደወጣ ቀረ። መርዶው መጣ፣ ሬሳው አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ቄስ ወርቁ በየወሩ ለማኅበሩ ይህንኑ መጽሐፍ ከዕቃ ቤት ያወጡታል፤ በግዕዝ ያነባሉ፣ ከዚያ ራሷ ላይ ያደርጉላታል፣ ተሳልማ ትቀመጣለች። ያ ድርሳን ልጇ የት እንደወደቀ ለማታውቅ እናት የተጻፈ መሆኑን ግን የነገራት የለም። እኔና እርስዎ እናውቅ ነበር። እርስዎ «አልበሰለም» ብለው፣ እኔ አፍሬ፣ ዝም አልን።

ያለፈው ወር ማኅበር እኛ ቤት ነበር። ትርጉሙን የጻፍኩባቸውን ሦስቱን ደብተሮች ነጠላዬ ሥር ይዤ ቄስ ወርቁ ፊት ቆምኩ።

«ምን ፈለግሽ ልጄ?»

«መጽሐፉን... በአማርኛ...»

«በአማርኛማ ስብከት አለልሽ። ይሄ በረከት ነው» አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም በፈገግታ ነው።

«እኔ የግዕዙ ድምፅ ይበቃኛል» አለች አንዷ። ጎረቤታችን እማማ ሸዋዬ ደግሞ «ኧረ ለዚች ልጅ ባል ፈልጉላት፣ ፊደል ራሷን አዞረባት!» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ዳቦ ቆረስኩ። በእነሱ አልተናደድኩም፤ አብሬ በመሳቄ ነው የተናደድኩት።

ሐሙስ ዕለት ግን አክስቴ ፓፓያውን በጨርቅ እየወለወለች ሳለ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ሳላያት፣ ሦስተኛውን ደብተር ማንበብ ጀመርኩ፤

«መቃብሩን ያላየሽ እናት ሆይ፣ ሰዎች ‹በቃሽ፣ አታልቅሺ› ይሉሻል። እኔ አልልሽም። አፈር ያላለበስሽውን ልጅ እንዴት ብለሽ ትተይዋለሽ?»

ጨርቁ ቆመ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ እርሷ ግን ተቆጣች።

«ይሄ የት ነው ያለው?»

«ራስሽ ላይ በሚያደርጉልሽ መጽሐፍ ውስጥ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአክሱም ጊዜ ጀምሮ» አልኳት።

«እና አራት ዓመት ሙሉ ራሴ ላይ ሲጭኑብኝ፣ አፍ አውጥቶ የሚነግረኝ አንድ ሰው ይጥፋ? አንቺስ? ከአንድ ትሪ እየበላን!»

በዚህ መሐል አንድ ሾፌር ከመኪናው አንገቱን አውጥቶ «እናት፣ ፓፓያው ስንት ነው?» አላት።

«ዛሬ አይሸጥም!»

«ታዲያ ለምን ደረደርሽው?» እያለ ሄደ። እርሷ ግን ወደ እኔ ዞራ «ቀጥይ» አለችኝ።

ቀጠልኩ። የደብተሩ መጨረሻ ላይ «ልጅሽ አሁን የት እንዳለ ትጠይቂኛለሽ፤ እነግርሻለሁ» ይላል። እዚያ ላይ ያልቃል።

«ከዚያስ?»

«ቀሪው ወልድያ ነው፣ የኔታ ጋ።»

ለዓይንዎ ሕክምና ወልድያ ሊዲያ ጋ ሲሄዱ፣ የቀሩትን ገጾች በእናቴ ስልክ ፎቶ አንስቼ የላክሁልዎ እኔ ነኝ። «ስልኩ ላይ ሳጎላው ከብራናው ይሻለኛል» ብለው ደስ ብሎዎት ነበር። ሊዲያን እያስጻፉ አራተኛውን ደብተር እንደጨረሱት፣ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ ቃል እየሰረዙ መልሰው ያንኑ ቃል እንደሚያስጽፏት ራሷ ነግራኛለች። የኔታ፣ ስህተት ኃጢአት እንዳይሆንብዎ እንደሚፈሩ አውቃለሁ። እኔም ሁሉን እፈራለሁ። ግን አክስቴ ከሐሙስ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ላይ ቆማ «የት ነው ያለው ልጄ?» ትለኛለች። ድሮ እግዚአብሔርን ነበር የምትጠይቀው፤ አሁን እኔን ነው። መልሱ እርስዎ ትራስ ሥር ባለው ደብተር ውስጥ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ የሚኒባሱ ሾፌር ሙሄዲን ነው። ቅዳሜ በእርሱ መኪና፣ በመጀመሪያው ጉዞ፣ እኔና አክስቴ እንመጣለን። ገበያዋን ትታ ነው የምትመጣው። እኔ በር ላይ እንደደረስኩ አቀርቅሬ ዝም እል ይሆናል፤ እርሷ ግን ዝም አትልም።

በሩን ይክፈቱልን። ታርሞ ከሆነ ታርሞ፣ ካልታረመም ሳይታረም ያንብቡላት።

የተናደደችብዎ፣ ግን የምትወድዎ ጸሐፊዎ
ናርዶስ