ማኅተም የተጠየቀበት ጥላ

ለተከበሩ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከነሠራተኞችዎ፣ ከነማኅተምዎና ከነማኅተሙ ቀለም ጭምር ደህንነትዎን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ጀርባ ባለው የስፌት አዳራሽ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ሙያውን ያስተማሩኝ የተበላሹ መኪኖች ስለሆኑ የምስክር ወረቀት የለኝም፤ አስቀድሜ የምናዘዘው በኋላ እንዳይጠይቁኝ ነው።

በእናንተና በእኛ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ሊፈቅዱ እንደሆነ ሰምተናል። ሴቶቹ የሚሰፉት በዚያ በኩል ባለው በአንዱ መስኮታችን ብርሃን ነው። በአምፖል ሲታዩ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክር መንትያ ናቸው፤ መለያየታቸው የሚታወቀው ደንበኛው ለብሶ ደጅ ሲወጣ ነው።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ሰፈሩን በኮምፒውተር ሠራችው። የተጠቀመችበት ፕሮግራም ብርሃን በግድግዳ፣ በመስታወትና በጨርቅ ላይ በእውኑ ዓለም እንደሚያርፍ አድርጎ እያሰላ ወዲያው የሚያሳይ ነው፤ ሰዓቱን በጣት ሲገፉት ጥላው አብሮ ይሄዳል። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ በእርስዎ ኮምፒውተርም፣ በእርሷ አሮጌ ላፕቶፕም፣ በእኔ በተሰነጠቀው ስልክም ይሠራል። ሕንፃው ከቆመ መስኮታችን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚጨልም ያየነው በዚህ ነው። ይህን ይዘን ስንመጣ ስለተደረገልን መስተንግዶ እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ የፕሮግራሙ ባለቤት ትክክለኛነቱን በማኅተም የሚያረጋግጥበት ደብዳቤ እንድናቀርብ ስለታዘዝን። ብዙ ሰዎች በነፃ ሠርተው ለሁሉም የተዉት ነገር መሆኑን ልጅቱ ሦስት ጊዜ አስረድታለች። “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም” ሲባል እሰማ ነበር፤ ጽሕፈት ቤትዎ ግን የሚንቀው ባለቤት ቢያጣም አጥሩን ከመነቅነቅ አልቦዘነም።

ሁለተኛ፣ የሚንቀሳቀስ ምስል በመዝገብ ስለማይታሰር በአንድ ወረቀት ታትሞ እንዲመጣ ስለተወሰነ። ሰዓቱንም የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ራሳቸው መረጡልን፤ እኩለ ቀን። ልጅቱ ወረቀቱን ባቀረበች ጊዜ አገላብጠው አዩና “ልጄ፣ ታዲያ ጥላው የታለ?” አሏት። ክቡር ሆይ፣ በስድስት ሰዓት እኔም ጥላዬን በጫማዬ ረግጬ ነው የምቆመው።

ሦስተኛ፣ በበራችሁ ላይ ስለተሰቀለው ባለማኅተም የሕንፃው ሥዕል። ዛፎቹ ጥላቸውን ወደ ግራ፣ እግረኞቹ ወደ ቀኝ ይጥላሉ። ለአንድ ሕንፃ ሁለት ፀሐይ ከተፈቀደ አንዷ ለአዳራሻችን ትሰጠን ዘንድ በትሕትና እናመለክታለን።

የባለቤቱ ባለማኅተም ደብዳቤ እስከ ሐሙስ ካልቀረበ ተቃውሟችን እንደሚዘጋ ተነግሮናል። አይቀርብም። ልጅቱ ይህን ስትሰማ ላፕቶፗን አጥፍታ ተነሥታ ነበር። ዕድሜዋን በዚያ መስኮት ሥር የጨረሰችው፣ እትዬ መነጽር የምንላት ሰፊ፣ ቀና ሳትል “ስልኬ ላይ ጫኚልኝ፤ ጥላውን እኔው አሳያቸዋለሁ” አለቻት። አሁን ፕሮግራሙ የሌለበት ስልክ በአዳራሹ የለም። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሁላችንም ወንበራችንን ይዘን በበራችሁ፣ ከዚያው ከባለ ሁለት ፀሐዩ ሥዕል ሥር እንቀመጣለን፤ ለገባና ለወጣ ሰው ሁሉ ሰዓቱን እየገፋን እናሳያለን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ግን የምንሰፋው ቀን ስለሆነ እስኪያድር አንጠብቅም።

ማኅተም ባይኖረውም አክብሮቱ ያልጎደለው፣
የልጅቱ አጎት፣ የስፌት መኪና ጠጋኙ

ማስታወሻ፦ ሰው ሲባል ነገር መነካካት ይወዳልና ሰዓቱን ወደ ጠዋት ገፋሁት። ጥላው ዞሮ በእርስዎ ቢሮ ላይ አረፈ፤ ጠረጴዛዎ እስከ አራት ሰዓት ድረስ አይታይም። ማኅተሙን በዳበሳ ሲፈልጉ ከተቸገሩ አምፖል እናውስዎታለን፤ አምፖሉን ከፈለሰፈው ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ግን አናያይዝም።