ከካፖርትህ ኪስ የወጣው ዱቄት

ውድ አባዬ፣

ከባድ ዜና ይዤልሃለሁ። ለሰው ከባድ ነገር ሲነገር መጀመሪያ ተቀመጥ ይባላል፤ አንተ ተኝተሃል፣ ይሻላል። እንግዲህ ስማ፦ ባለፈው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሕዝብ ፊት፣ ከወፍጮ ቤቱ ለሁለተኛ ጊዜ ተባረሃል። የመጀመሪያውን በሕይወት ሳለህ አይተኸዋል። የሁለተኛው ጥፋተኛ ልጅህ ናት ይላሉ።

ከተለየኸን ሦስት ዓመት አለፈ። ዕድሜህን ሙሉ ድንጋይ የወቀርክበት ወፍጮ ቤት ካፌ ሆኗል። ድንጋዩ መስታወት ተደርቦበት ጠረጴዛ ሆነ። መዶሻህን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፣ ያውም ዘቅዝቀው። የጭላሎን ተራራ ድሮ ከደጁ በነፃ እናየው ነበር፤ አሁን በማኪያቶ ነው። «ወፍጮ ቤት» የሚለውን ታፔላ ግን ያምራል ብለው ተዉት። እናም ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ስንዴያቸውን በባጃጅ ጭነው መጥተው በረንዳው ላይ አራገፉት።

«ልጄ፣ ወረፋው ማን ጋ ነው?» አሉት አስተናጋጁን።

«ስንት ሰው ናችሁ?» አላቸው።

ሳቅሁ፤ ግን ስንዴውን መልሼ የጫንኩት እኔ ነኝ። አሁን ለማስፈጨት ከተማውን አቋርጠው ይሄዳሉ።

ከዚያ ማናጀሩ ጠራኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት የተገነጠለ መጽሐፍ እንደምጠርዝ ሰምቷል። «የድሮውን ነገር የሚያሳይ፣ በእጅ የተሠራ አሪፍ መጽሐፍ ሥሪልኝ፣ በር ላይ እናስቀምጠው» አለኝ። እሺ አልኩ። ካባረሩህ ቦታ አንድ ጥግ አገኘሁልህ ብዬ እኮ ነው!

ሽፋኑን ከአሮጌ ጆንያ ቆረጥኩ። ጀርባውን ከተጣለው የወፍጮው ሞተር ቺንጋ፣ ከጎማ ቀበቶው፣ ሠራሁት፣ በጆንያ ክር ሰፋሁት። መጀመሪያዎቹ ገጾች ሻካራ ካኪ ወረቀት ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው የነገረኝ ሁሉ እንደ ወረፋው ተጠጋግቶ፣ ተጋፍቶ ተጽፎባቸዋል። ስትገልጠው ወረቀቱ እየነጣ፣ እየለሰለሰ፣ ኅዳጉ እየሰፋ ይሄዳል፤ ጽሑፉ ደግሞ ወደ ጥግ ይገፋል። የመጨረሻው ገጽ ያብለጨልጫል፣ ማንም የለበትም። ማናጀሩ አገላበጠና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይቺ ባዶዋ ገጽ አሪፍ ናት፣ ሜኑ እንለጥፍባታለን።» አባዬ፣ በመዶሻህ ልለው ነበር፤ ተሰቅሏል እንጂ።

ሽፋኑ ውስጥ የሰፋሁት የካፖርትህን ኪስ ነው። እማዬ ሁለት ቀን አኩርፋ ነው የሰጠችኝ፤ ካፖርቱን እስከ ዛሬ አላጠበችውም።

ቅዳሜ የካፌው ምረቃ ሆነ። አንድ ጥቁር ሱፍ የለበሰ እንግዳ መጽሐፉን ገልጦ ኪሱን ቢነካው፣ ቡፍ! ከደረቱ እስከ ቅንድቡ ነጣ። አንተ ማታ ስትመጣ የምትመስለውን መሰለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ይቺ ቀልማዳ! ደግሞ ጀመረች!»

የአጎቴን ጫማ ሊጥ የሞላሁት እኔ ነኝ። የዕድሩን ጥሩምባ በቡሽ የወተፍኩትም እኔ ነኝ። ይሄን ግን አልሠራሁም! በዕድሜዬ አንድ ቀን ንጹሕ ብሆን የሚያምነኝ ጠፋ። ዱቄቱ የራስህ ነው፤ ከሥራ ያባረሩህ ዕለት ኪስህ ውስጥ የቀረ። ለማን ላስረዳ?

ማናጀሩ መጽሐፉን ነጥቆ ወደ ጓሮ ላከው። ሮጬ ስደርስ ጽዳት ሠራተኛዋ አጥሩ ላይ እየደበደበች ታራግፈዋለች፤ ኪሱን ገልብጣዋለች። «አይዞሽ፣ አጸዳሁልሽ እኮ!» አለችኝ ፈገግ ብላ። ደግ ሴት ናት። ምን ልበላት? አመሰግናለሁ አልኩ። ከዚያ አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እኔ፣ ያንተ ቀልደኛ።

ደግሞ አጋነንኩ፣ አይደል? ሲጠቃለል እኮ ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ኮት ነጣ፣ ሁለቴ በመዳፍ ተመታ፣ ጠቆረ። ሰውዬው ራሱ ስቆ ኬኩን በላ። የጠፋው ዱቄት ቢሰበሰብ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

መጽሐፉን ቤት መልሼዋለሁ፤ አዴ ፋጡማ እየመጡ ካኪው ላይ የሚጨመር ይነግሩኛል። የተገለበጠውን ኪስ ወደ ውስጥ ስመልሰው ስፌቱ ጥግ ላይ ትንሽ ቁንጥር ዱቄት አገኘሁ። ማንም እንዳያራግፍህ የኪሱን አፍ ሰፍቼዋለሁ።

ያንተው ቀልማዳ